አፕሊኬሽን ሶፍትዌር በትክክል የቱ ነው? ድንበሩስ የት ላይ ነው?

የማታ ተማሪ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። በኮምፒውተር መግቢያ ትምህርት ላይ አፕሊኬሽን ሶፍትዌር «ተጠቃሚው ሥራውን እንዲሠራ የሚያግዘው ፕሮግራም» ይባላል። ትርጉሙን መሸምደድ አይከብድም፤ ማሽኑ ፊት ሲቀመጡ ግን አያራምድም። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙስ (እንደ ዊንዶውስ ያለው) ቢሆን የሚያግዘው ማንን ነው?

ብራውዘር ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል። ታዲያ የሲስተሙ አካል ነው ወይስ አፕሊኬሽን? አንቲቫይረስስ? ስልክ ላይ «አፕ» የምንለውና ኮምፒውተር ላይ «አፕሊኬሽን» የምንለው አንድ ናቸው? አንዱ ፕሮግራም ስታክ ሲያደርግ ሌሎቹ እንዴት መሥራታቸውን ይቀጥላሉ?

ከሁሉም በላይ ግራ የሚያጋባኝ ደግሞ ይህ ነው፦ አንድ አፕ ሲጠፋ በእሱ የተሠራው ሥራ አብሮ ይጠፋል ወይስ አይጠፋም? አንዱ ይጠፋል ይላል፣ ሌላው አይጠፋም ይላል፣ ሁለቱም በሙሉ ልብ ነው የሚናገሩት። የሚያብራራልኝ ካለ እህታችሁ ታመሰግናለች።

ኮድ ጸሐፊ

እህቴ፣ የመማሪያው ትርጉም አልተሳሳተም፤ የጎደለው መለያ ነው። መለያው ይህ ነው፦ ፕሮግራሙ ሃርድዌሩን ራሱ ያዝዛል ወይስ ሌላውን ያስፈቅዳል? አፕሊኬሽን ሁልጊዜ አስፈቃጅ ነው።

ፋይል መክፈት፣ ስክሪን ላይ ፊደል ማሳየት፣ ድምፅ ማሰማት፣ በኔትወርክ መልእክት መላክ፣ ተጨማሪ ራም (ፕሮግራም ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) ማግኘት፦ ከእነዚህ አንዱንም አፕሊኬሽን በራሱ ሥልጣን አያደርገውም። የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ማለትም ከርነሉን፣ ይጠይቃል። ጥያቄው ሲስተም ኮል ይባላል። ይህ በፕሮግራመሮች መካከል የተደረገ ስምምነት ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ፕሮሰሰሩ ራሱ ቢያንስ ሁለት የሥልጣን ደረጃ አለው። ከርነሉ ሁሉ ነገር በተፈቀደበት ደረጃ ይሠራል፣ አፕሊኬሽኑ በተገደበው። በተገደበው ደረጃ ያለ ፕሮግራም ያልተፈቀደለትን ትእዛዝ ቢሞክር ፕሮሰሰሩ ያስቆመውና ጉዳዩን ለከርነሉ ያስረክባል።

ሌሎቹ ፕሮግራሞች ለምን እንደማይነኩም ከዚሁ ይመጣል። አንድ ፕሮግራም ሲከፈት ሲስተሙ ኮዱን ከዲስክ አንሥቶ ራም ላይ ያደርገዋል፣ ለእሱም ብቻ የታጠረ የሜሞሪ ግቢ ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ ከአጥሩ ውጪ ማየት አይችልም፤ የጎረቤቱ ግቢ መኖሩንም አያውቅም። ስለዚህ ሲበላሽ የሚበላሸው በራሱ ግቢ ነው። ሲስተሙ ያቆመዋል፣ የያዘውን ራም ይሰበስባል፣ የከፈታቸውን ፋይሎች ይዘጋል፤ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። የሃርድዌር ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙን ከአንድ ዕቃ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከከርነሉ ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። አንድ መስኮት ብቻ ከተዘጋ በመጀመሪያ አፕሊኬሽኑን ጠርጥሪ። ዊንዶውስ ሙሉ ስክሪኑን ሰማያዊ (በአዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ስሪቶች ጥቁር) አድርጎ ከቆመ ግን ጥፋቱ ከድራይቨር፣ ከሃርድዌር ወይም ከከርነሉ አካባቢ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ተከፍቶ የነበረውን የጽሑፍ ፕሮግራም መውቀስ ብዙ ጊዜ ጥቅም የለውም።

ታዲያ አፕሊኬሽኑ ለተጠቃሚው የሚጨምረው ምንድን ነው? ትርጉም ነው። ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ፋይል ማለት የባይት ሰልፍ ነው፤ ስሙን፣ መጠኑን፣ ያለበትን ቦታና ማን መክፈት እንደሚችል ያውቃል እንጂ በውስጡ ያለው ደብዳቤ ይሁን ዘፈን አይለይም። «ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ ከላይ ያሉት የሦስት የሠንጠረዥ ሕዋሶች (ሣጥኖች) ድምር ነው» የሚለው አፕሊኬሽኑ ነው። ለዚህም ነው የፎቶ ፋይል በኖትፓድ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር የሚወጣው። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የተከፈተው ቋንቋውን በማያውቅ አፕሊኬሽን ነው። ሴቭ ሳታደርጊ ዝጊው፤ ሴቭ ከተደረገ ግን ያን ጊዜ በእርግጥ ይበላሻል።

ብራውዘር አፕሊኬሽን ነው። ከሲስተሙ ጋር በአንድ ካርቶን መምጣቱ ባሕርዩን አይለውጠውም፤ እንደ ማንኛውም አፕሊኬሽን እያስፈቀደ ነው የሚሠራው። ጥያቄው ግን ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ መንግሥትና በርካታ ክፍለ ግዛቶች ማይክሮሶፍትን ሲከሱ ከክርክሩ ዋና ነጥቦች አንዱ ይኸው ነበር፤ ኩባንያው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የዊንዶውስ አካል ነው ብሎ ተሟግቷል። ሶፍትዌር ከማሽኑ ተለይቶ የራሱ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው የሚለው ሐሳብ ራሱ ያን ያህል ዕድሜ የለውም፤ አይቢኤም ሶፍትዌሩን ከኮምፒውተሮቹ ነጥሎ ማስከፈል እንደሚጀምር ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው።

አንቲቫይረስ ሲስተም ሶፍትዌር ነው።

«አፕ» የ«አፕሊኬሽን» አጭር አጠራር ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ቃሉ በየሰዉ አፍ የገባው አፕል እ.ኤ.አ. በጁላይ 2008 የአይፎን አፕ ስቶርን በ500 ገደማ አፖች ከከፈተ በኋላ ነው። የስልኩ አፕ ልዩነቱ አጥሩ ከኮምፒውተሩ ይልቅ የጠበቀ መሆኑ ነው፤ ሜሞሪው ብቻ ሳይሆን ማከማቻውም የታጠረ ነው።

ጥገና ክፍል

ኮድ ጸሐፊ አንቲቫይረስን በአንድ መስመር ማለፉ ትክክል አይመስለኝም። አንቲቫይረስ ሁለት አካል አለው። «ስካን» የሚል ቁልፍ ያለው፣ ሪፖርት የሚያሳየው መስኮት አፕሊኬሽን ነው። ፋይል በተከፈተ ቁጥር ቀድሞ የሚፈትሸው ክፍሉ ግን ብዙ ጊዜ ድራይቨር ሆኖ ከርነሉ ውስጥ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ ከተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር የመጣ አንድ የተበላሸ አፕዴት፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን በሰማያዊ ስክሪን ያቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ያው ስሕተት ተራ አፕሊኬሽን ውስጥ ቢፈጠር አንድ መስኮት ይዘጋ ነበር፤ በቃ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። «ይጠፋል» ያለውም «አይጠፋም» ያለውም ልክ ናቸው፣ ምክንያቱም የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ነው። ፕሮግራሙ አንድ ነገር ነው። በፕሮግራሙ የሠራሽው ፋይል ሌላ ነገር ነው። ፕሮግራሙ ለራሱ የሚይዘው ማስታወሻ፣ ማለትም ሴቲንግ፣ አካውንት፣ ታሪክ፣ ሦስተኛ ነገር ነው። «ሥራዬ ጠፋ» ተብሎ የሚመጣው አቤቱታ አብዛኛው የእነዚህ የሦስቱ መደባለቅ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ሦስቱ በሦስት ቦታ ይቀመጣሉ። ፕሮግራሙ በአብዛኛው «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ፋይልሽ አንቺ ሴቭ ያደረግሽበት ቦታ ነው፣ ብዙ ጊዜ «ዶክመንትስ»። የፕሮግራሙ የግል ማስታወሻ ደግሞ «አፕዳታ» በሚባል ድብቅ ፎልደር ውስጥ ነው። የጽሑፍ ፕሮግራሙን አንኢንስቶል ብታደርጊ ደብዳቤዎችሽ ካሉበት አይነቃነቁም፤ የሚከፍታቸው ነው የሚጠፋው። አፕዳታ ውስጥ ያለውም ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ለዚህ ነው ፕሮግራሙ እንደገና ሲጫን የድሮውን ሴቲንግ ይዞ የሚመጣው፣ ብልሽቱ ሴቲንጉ ውስጥ ከነበረም ብልሽቱን ይዞ የሚመጣው። «አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ አሁንም ያው ነው» የሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ናቸው።

ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ምልክት ማጥፋት ደግሞ ከሦስቱ አንዱንም አያጠፋም። ምልክቱ ሾርትከት ነው፣ የአድራሻ ወረቀት። በትክክል ለማጥፋት ዊንዶውስ 11 ላይ «ሴቲንግስ»፣ «አፕስ»፣ «ኢንስቶልድ አፕስ» ገብተሽ ከስሙ አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነሽ «አንኢንስቶል» ትያለሽ። የፕሮግራሙን ፎልደር በእጅ መሰረዝ አይገባም፤ በሬጅስትሪው፣ ማለትም በዊንዶውስ የሴቲንግ መዝገብ፣ የተጻፈው ይቀርና በኋላ አዲሱ ስሪት «ቀድሞ ተጭኗል» እያለ እምቢ ይላል።

ስልክ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አንድሮይድ ለእያንዳንዱ አፕ የግል ማከማቻ ይሰጠዋል፤ አፑ ሲጠፋ ያ ማከማቻ አብሮ ይጠፋል። ማስታወሻ መያዣ አፕ ጽሑፎቹን የሚያስቀምጠው በግል ማከማቻው ብቻ ከሆነ አፑን ማጥፋት ማስታወሻዎቹን ማጥፋት ነው። በካሜራ አፕ የተነሡ ፎቶዎች ግን የሚቀመጡት በጋራው ማከማቻ ስለሆነ ይቀራሉ። አካውንት ያላቸውና ከሰርቨር ጋር የተናበቡ አፖች ደግሞ ተመልሰሽ ስትገቢ ያወርዱልሻል። ስለዚህ ከማጥፋት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ይህ አፕ ሥራዬን የት ነው የሚያስቀምጠው?» የሚለው ነው። መልሱን ለማግኘት ቀላሉ መንገድ አፑ ውስጥ «ኤክስፖርት» ወይም «ባክአፕ» የሚል መኖሩን ማየት ነው።

በአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ፣ በአፑ ስም ሥር፣ ሁለት ቁልፎች አሉ፣ እባካችሁ እነሱን ለዩ። «ክሊር ካሽ» አፑ ለፍጥነት ብሎ ያስቀመጠውን ጊዜያዊ ቅጂ ያጠፋል፤ አፑ እንደገና ያመጣዋል፣ ጉዳት የለውም። «ክሊር ስቶሬጅ»፣ በአንዳንድ ስልክ «ክሊር ዳታ»፣ አፑን ልክ ዛሬ እንደተጫነ ያደርገዋል፤ አካውንቱም፣ ያልተላከው ረቂቅም፣ የግል ማከማቻው ሁሉ ይሄዳል። ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ ሁለተኛው ሲጫን ነው ጉዳቱ። አይፎን ላይ ተመሳሳዩ ጥንቃቄ «ኦፍሎድ አፕ»ን ከ«ዲሊት አፕ» መለየት ነው፦ የመጀመሪያው ፕሮግራሙን ብቻ አንሥቶ ዳታውን ያቆያል፣ ሁለተኛው ሁለቱንም ይወስዳል።

ስታክ ስለማድረግ አንድ ነገር ልጨምር። «ኖት ሪስፖንዲንግ» የሚለው ጽሑፍ ፕሮግራሙ ሞቷል ማለት አይደለም። መስኮቱ ለ5 ሰከንድ ያህል ለጠቅታና ለቁልፍ ምላሽ ሳይሰጥ ሲቀር ዊንዶውስ የሚለጥፈው ምልክት ነው፤ አንድሮይድም ለንክኪ የሚጠብቀው እንዲሁ 5 ሰከንድ ነው። ፕሮግራሙ ትልቅ ፋይል እያነበበ ወይም ብዙ ረድፍ እያሰላ ሊሆን ይችላል። ከመግደልሽ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አብረሽ ተጭነሽ ታስክ ማናጀርን ክፈቺ። በፕሮግራሙ መስመር ላይ የሲፒዩ (የፕሮሰሰሩ) ወይም የዲስክ ቁጥሩ እየተለዋወጠ ከሆነ እየሠራ ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ታገሺው። ሁለቱም 0 ላይ ለደቂቃዎች ከቆሙ ግን የሚጠብቀው ነገር አይመጣም፤ «ኢንድ ታስክ» በይ። የሲፒዩ ቁጥሩ ሳይወርድ ሳይወጣ አንድ ቦታ ተተክሎ ከቀረም ማለቂያ የሌለው ዑደት ውስጥ ገብቶ ይሆናል።

ሲገደል የሚጠፋው ራም ላይ ያለው ነው። ሴቭ ማለት ከራም ወደ ዲስክ ማውረድ ነው፤ ከመጨረሻው ሴቭ ወዲህ የተጻፈው ዲስክ ላይ የለም። ወርድ በራሱ በየ10 ደቂቃው የማዳኛ ቅጂ ይይዛል፣ ይህ የፋብሪካ ሴቲንጉ ነው፣ ወደ 2 ወይም 3 ደቂቃ ማውረድ ይቻላል። ጭራሽ ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ ከሆነ «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ማኔጅ ዶክመንት»፣ «ሪከቨር አንሴቭድ ዶክመንትስ» ውስጥ ይፈለጋል። የማዳኛ ቅጂውን እንደ ሴቭ መቁጠር ግን አይገባም፤ ጊዜያዊ ነው፣ ፕሮግራሙ ራሱ ያጠፋዋል።

ሠንጠረዥ

ከላይ «አፕሊኬሽን ትርጉም ይሰጣል» የተባለውን በአንድ ዓይነት አፕሊኬሽን ማየት ይጠቅማል፣ እሱም እንደ ኤክሴል ያለው የስሌት ሠንጠረዥ ነው። ሰው ለሃርድዌሩ ሳይሆን ለአፕሊኬሽኑ ብሎ ኮምፒውተር እንዲገዛ ካደረጉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ቪዚካልክ ነው። ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ለአፕል 2 ኮምፒውተር ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ ቀረበ። መጠኑ 254 ረድፍና 63 ዓምድ ብቻ ነበር። ያ ትንሽ ሰሌዳ የሠራው ነገር ግን ዛሬም የሁሉም ሠንጠረዥ ልብ ነው፦ አንድ ቁጥር ሲለወጥ በእሱ ላይ የተመሠረተው ሁሉ ራሱን ያስተካክላል።

እንዴት? እያንዳንዱ ሕዋስ ሁለት ነገር ይይዛል፣ ቀመሩንና የሚታየውን ውጤት። ፕሮግራሙ የትኛው ሕዋስ በየትኛው ላይ እንደተደገፈ መዝገብ አለው። አንዱ ሲነካ መዝገቡን ተከትሎ የተደገፉትን ብቻ በቅደም ተከተል ያሰላል። ሀ በለ ላይ፣ ለ ደግሞ በሀ ላይ ከተደገፉ ቅደም ተከተል አይኖርም፤ «ሰርኩላር ሪፈረንስ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው የድምር ቀመር የራሱን ሕዋስ በክልሉ ውስጥ ሲያካትት ነው።

አሁን ጉዳቱን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ትርጉም የሚሰጥ ሁሉ የተሳሳተ ትርጉምም ይሰጣል። ኤክሴል ቁጥር የሚመስለውን ሁሉ ቁጥር ያደርገዋል። በዜሮ የሚጀምር የስልክ ወይም የመታወቂያ ቁጥር ስትጽፊ ዜሮው ይጠፋል። የቁጥር ትክክለኛነቱ 15 አኃዝ ድረስ ነው፤ 16 አኃዝ ያለው የካርድ ቁጥር ከገባ የመጨረሻው አኃዝ 0 ይሆናል፣ ማስጠንቀቂያም ላይመጣ ይችላል። በኋላ ፎርማቱን «ቴክስት» ማድረግ የጠፋውን አይመልስም። መደረግ ያለበት ከመጻፍ በፊት ነው፦ ዓምዱን መርጠሽ ፎርማቱን «ቴክስት» ማድረግ፣ ወይም በቁጥሩ ፊት ነጠላ የጥቅስ ምልክት (') ማስቀደም።

ሲኤስቪ ፋይል ላይ ደግሞ ወጥመዱ ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ነው። ሲኤስቪ ተራ ጽሑፍ ነው፣ የዓምድ ዓይነት አይዘግብም፤ ሁለቴ ጠቅ ሲደረግ ኤክሴል በግምት ይተረጉመዋል። ከዚያ ሴቭ ሲደረግ ግምቱ በዋናው ፋይል ላይ ይጻፋል። ባዶ ሠንጠረዥ ከፍተሽ «ዳታ»፣ «ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ» በሚለው አስገቢው፣ «ትራንስፎርም ዳታ» ውስጥ ገብተሽ የሚያሰጉሽን ዓምዶች «ቴክስት» አድርጊያቸው።

ሌላው ወሰኑ ነው። የዛሬው የኤክሴል ፋይል 1,048,576 ረድፍ ይይዛል፤ የድሮው ኤክስኤልኤስ የሚባለው ፎርማት ግን 65,536 ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ 15,841 የኮቪድ ተጠቂዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ውጪ ቀርተው ነበር። ከላቦራቶሪ የሚመጣው ዝርዝር በድሮው ፎርማት ሲቀመጥ ከወሰኑ ያለፉት ረድፎች በመቆረጣቸው ነው። ከእነሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች መፈለጉም በዚያው ዘገየ። ሠንጠረዥ ለማስላት ነው እንጂ ለመዝገብ አይደለም፤ የማያቋርጥ ዝርዝር የሚመዘገብበት የዳታቤዝ አፕሊኬሽን የተለየ ነው፣ የዓምዱን ዓይነት አስቀድሞ አስወስኖ የማይስማማውን አልቀበልም ይላል።

ፋይል ሰብሳቢ

ጥገና ክፍል ሦስት ነገር ብሎ ከፋፍሏል፤ እኔ አራተኛ እጨምራለሁ፣ ፎርማቱን። አፕሊኬሽኖች ይመጣሉ ይሄዳሉ፣ ፋይሉ ግን መከፈት አለበት። ማንኛውንም አፕ ከመልመድ በፊት ሥራሽን ሌላ ፕሮግራም በሚያነበው ፎርማት ማውጣት ይችል እንደሆነ ተመልከቺ። የማይችል ከሆነ ሥራሽ የዚያ አፕ እስረኛ ነው።

የሥራ ፋይልና የማድረሻ ፋይልንም ለዪ። በፎቶሾፕ የተሠራ ምስል በፒኤስዲ (የፎቶሾፕ የራሱ ፎርማት) ሲቀመጥ እያንዳንዱ ድርብ (ሌየር) ለብቻው ይቀመጣል፣ ነገ ጽሑፉን ብቻ መለወጥ ይቻላል። ጄፔግ ሲደረግ ሁሉም አንድ ላይ ይቀልጣል፤ በዚያ ላይ ጄፔግን እየከፈቱ፣ እየነካኩ፣ እንደገና ሴቭ ባደረጉ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል። ወርድና ፒዲኤፍም እንዲሁ ናቸው፦ የወርዱ ፋይል ለመሥራት፣ ፒዲኤፉ ለመላክ። ፒዲኤፍ ቅርጸ ፊደሉን በውስጡ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል ተቀባዩ ማሽን ላይ ፊደሉ ባይኖርም ጽሑፉ ወደ ሣጥን አይለወጥም።

አንድ ጠቃሚ ነገር፦ ከኦፊስ 2007 ወዲህ ያለው የወርድ ፋይል፣ ዶክኤክስ የሚባለው፣ በእርግጥ ዚፕ፣ ማለትም ብዙ ፋይሎች የታጨቁበት ጥቅል፣ ነው። ፋይሉ አልከፈት ሲል ቅጂውን አድርጊና የቅጂውን ኤክስቴንሽን (ከስሙ መጨረሻ ከነጥቡ ቀጥሎ ያለውን) ወደ ዚፕ ለውጪ፣ ከዚያ አውጪው። «ወርድ» በሚለው ፎልደር ውስጥ «ሚዲያ» የሚል አለ፤ ምስሎቹ እዚያ ይገኛሉ። ጽሑፉም እዚያው «ዶክመንት» በሚል የኤክስኤምኤል ፋይል ውስጥ ነው፣ በኖትፓድ ይነበባል፣ በምልክቶች መካከል ተበታትኖ ቢሆንም። ዚፑም አልከፈት ካለ ብልሽቱ ከወርድ ሳይሆን ፋይሉ ሲቀዳ ወይም ፍላሹ ሴቭ በሚደረግበት መሐል ሲነቀል የተፈጠረ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ብራውዘር ውስጥ ስለሚሠሩ አፖች ማንም አላነሣም። እነሱ ላይ ፕሮግራሙም ፋይሉም ብዙ ጊዜ ያለው በሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ነው። መጫን የለም፣ ሁልጊዜ አዲሱ ስሪት ነው፣ ከየትኛውም ማሽን ይከፈታል፤ በምትኩ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወይም አካውንቱ ሲዘጋ ሥራውም ይዘጋል። አንዳንዶቹ ደግሞ ረቂቁን ሰርቨር ላይ ሳይሆን ብራውዘሩ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ «ክሊር ብራውዚንግ ዳታ» ውስጥ ኩኪስና የሳይት ዳታ ተመርጦ ሲጸዳ ረቂቁ አብሮ ይጸዳል።

የማታ ተማሪ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ነገሩ ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። አንድ ተጨማሪ ብቻ፦ ፕሮግራም በትክክል ተጭኖ ሲከፈት ግን «ቪሲራንታይም 140 ዲኤልኤል አልተገኘም» የሚል መልእክት ይመጣል። ፍለጋ ውስጥ ፋይሉን ብቻውን የሚያወርዱ ብዙ ገጾች አሉ። ማውረድ ይገባል? ሌላ ማሽን ላይ ደግሞ «ይህ አፕ በእርስዎ ፒሲ ላይ አይሠራም» ይላል።

ጥገና ክፍል

ፋይሉን ብቻውን አታውርጂ። ዲኤልኤል ማለት ብዙ አፕሊኬሽኖች በጋራ የሚጠቀሙበት የኮድ ክፍል ነው፤ ይህኛው የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ከማይታወቅ ገጽ የመጣ ዲኤልኤል በአፕሊኬሽኑ ግቢ ውስጥ ገብቶ እንደ እሱ ሆኖ ይሠራል፤ ቫይረስ ከሆነ ፕሮግራሙ ማድረግ የሚችለውን ሁሉ ያደርጋል። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ «ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል» የሚለውን ሙሉውን ጫኚ አውርደሽ ጫኚው። ለተለመደው ማሽን ሁለት ዓይነት ነው፣ ኤክስ 86 (ለ32 ቢት) እና ኤክስ 64 (ለ64 ቢት)። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ምርጫው የሚከተለው ዊንዶውሱን ሳይሆን አፕሊኬሽኑን ነው። ዊንዶውስሽ 64 ቢት ሆኖ ፕሮግራሙ 32 ቢት ከሆነ የሚያስፈልገው ኤክስ 86 ነው። የፕሮግራሙን ዓይነት ካላወቅሽ ሁለቱንም ጫኚ፣ አይጋጩም። ከዚያ ማሽኑን ሪስታርት አድርጊ።

ሁለተኛው መልእክት አብዛኛውን ጊዜ የዓይነት አለመጣጣም ነው። 64 ቢት ፕሮግራም 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይከፈትም። የተገላቢጦሹ ይሠራል፣ 16 ቢት የሆነ በጣም አሮጌ ፕሮግራም ግን 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ጨርሶ አይሠራም። «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «አባውት» ውስጥ «ሲስተም ታይፕ» የሚለውን መስመር አንብቢ፤ ፕሮሰሰሩም እዚያው ይጻፋል፣ አርም ከሆነ ለአርም የተዘጋጀውን ስሪት ፈልጊ። ማክ ከሆነ ከካታሊና፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ፣ 32 ቢት አፕ አይቀበልም።

ይህ ሁሉ ልክ ሆኖ መልእክቱ ከቀጠለ የወረደው ፋይል በግማሽ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የፋይሉን መጠን ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዪ፤ ካነሰ አጥፊውና እንደገና አውርጂ።

ኮድ ጸሐፊ

የአንቲቫይረሱን እርማት ተቀብያለሁ፣ ጥገና ክፍል ልክ ነው።

ከመጫን በፊት ስለፈቃድም ላክልበት። ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2015፣ አፕ ካሜራን፣ ማይክሮፎንን፣ አድራሻ ደብተርን ወይም ያለሽበትን ቦታ ለመጠቀም ሥራው ላይ ሲደርስ ነው የሚጠይቀው። መመዘኛው ሥራው ነው፦ የካርታ አፕ ቦታሽን ቢጠይቅ ያለ እሱ አይሆንለትም፤ የባትሪ መብራት አፕ አድራሻ ደብተር ቢጠይቅ የሚያገናኘው ነገር የለም። ከልክይው፤ በደንብ የተሠራ አፕ ተከልክሎም ቀሪ ሥራውን ይሠራል። የሰጠሽውን ለመንሣት «ሴቲንግስ»፣ «አፕስ»፣ የአፑ ስም፣ «ፐርሚሽንስ»። ቦታን በተመለከተ «አፑን ስጠቀም ብቻ» የሚለው ምርጫ ለአብዛኛው ይበቃል።

ኮምፒውተር ላይ ግን ይህ ጥበቃ የላላ ነው። ዊንዶውስ ላይ በተለመደው መንገድ የተጫነ ፕሮግራም አንቺ የምትከፍቻቸውን ፋይሎች ሁሉ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ መክፈት ይችላል፣ ምክንያቱም የሚሠራው በአንቺ ስም ነው። ስክሪኑ ደብዝዞ «ይህ አፕ ለውጥ እንዲያደርግ ይፈቅዳሉ?» ሲል ደግሞ የሚጠይቀው የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ነው። መስኮቱ ላይ የአሳታሚው ስም ይጻፋል። ስሙ «አንኖውን» ከሆነና ፕሮግራሙን ያወረድሽው ከአዘጋጁ ገጽ ካልሆነ «ኖ» በይ።